እሳተ ገሞራ የሌላት ከተማና የእሳተ ገሞራ ደሴቶች

ቶሮንቶ እሳተ ገሞራ የላትም። የሚያጨስ ተራራ ማየት የሚፈልግ ነዋሪዋ ወይ አህጉሩን አቋርጦ ፓስፊክ ዳር መድረስ፣ ወይ ባሕር ተሻግሮ ካሪቢያን ደሴቶች መውረድ አለበት። ይሁን እንጂ የሃዋይ ደሴቶች በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ለምን በአንድ መስመር እንደተሰለፉ፣ ከሰልፉም ውስጥ ለምን በአንደኛው ጫፍ ያሉት ብቻ እንደሚነዱ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስተምረውን ማብራሪያ በ1963 የጻፉት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ፕሮፌሰር ጆን ቱዞ ዊልሰን ናቸው። ታሪኩ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድንገተኛ ብልጭታ ነው የሚቀርበው፤ አንድ ብሩህ ሰው ቶሮንቶ ተቀምጠው ስለ ሩቅ ደሴቶች አሰቡ፣ ተሳካላቸውም ይባላል። ለእኔ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም። ዊልሰን ወደ ደሴቶቹ ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ የካናዳን አሮጌ ዐለት ሲመረምሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ቦታ በራቅን ቁጥር የድንጋዩ ዕድሜ እንዴት ይለዋወጣል? ጥያቄው ያደገው ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባለው የማዕድን አገር ነው፤ ትክክለኛ መልስ ያገኘው ግን ውቅያኖስ ላይ ነው።

እስቲ የከተማዋን መሬት ቀረብ ብለን እንየው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ዳንፎርዝ ጎዳና ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው የምድር ባቡር የዶንን ሸለቆ በረጅሙ ድልድይ ያቋርጣል። ከድልድዩ በስተሰሜን፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ድሮ የጡብ ፋብሪካ የነበረ ግቢ አለ። ከ1889 ጀምሮ እዚያ ለጡብ ሲቆፈር የኖረው ድንጋይ ግራጫ ነው፤ ሲመቱት ቅጠል ቅጠል እየሆነ ይላቀቃል፤ ተፈጭቶ እሳት ሲገባ ቶሮንቶ የተገነባችበት ጡብ ይወጣዋል። ይህ ድንጋይ ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የረጋ ጭቃ ነበር። ከሥሩ ደግሞ «የካናዳ ጋሻ» የሚሉት፣ ዕድሜው ከ1 ቢሊዮን ዓመት የሚበልጥ ጠጣር ዐለት ተነጥፏል። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ይህ ዐለት ከሐይቆቹና ከጥዱ መሃል አፍጥጦ ያገኘዋል። ቀድሞ በታወቀው የሰድበሪ ኒኬል ላይ የኮባልት ከተማ ብር በ1903 ሲገኝ፣ ቀጥሎም የቲሚንስ ወርቅ አገሩን ሲያጥለቀልቀው፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበውም የሚከፋፈለውም ቶሮንቶ ላይ ነበር። ማዕድን በደንና በረግረግ ሥር ተደብቆ ሲቀር ደግሞ በዓይን ከመፈለግ ይልቅ በማግኔትና በኤሌክትሪክ መለካት አዋጪ ሆነ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ጂኦፊዚክስን ማስተማር የጀመረው በዚህ ፍላጎት ግፊት ነው። ዊልሰንም በ1930 ሲመረቁ በካናዳ በዚህ ሙያ ዲግሪ የያዙ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ነገሩ ከጅምሩ የእንጀራ ጉዳይ ነበር ማለት ነው፤ ስለ አህጉሮች አመጣጥ ለመፈላሰፍ ብሎ ደመወዝ የሚከፍል አልነበረም።

ሰውየው በ1908 ኦታዋ ተወለዱ። እናታቸው ሄንሪዬታ ቱዞ ተራራ ወጪ ነበሩ፤ በሮኪ ተራሮች በ1906 የወጡት ጫፍ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ልጃቸው ከቶሮንቶ በኋላ ካምብሪጅ፣ ከዚያ ፕሪንስተን ተምረው በ1936 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በካናዳ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት አገለገሉ፤ በጦርነቱ ዘመን ኮሎኔል ሆኑ፤ በ1946 ወደ ቶሮንቶ ተመልሰው ወንበራቸውን ያዙ። ለእኛ ክርክር ዋናው ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በ1950ዎቹ በዚያው ፊዚክስ ክፍል ዶን ራስልና ሮናልድ ፋርኳር የእርሳስ ማዕድንን አይሶቶፖች እየለኩ የዐለት ዕድሜ ያወጡ ነበር። ዩራኒየም በጊዜ ብዛት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የአይሶቶፖቹ መጠን ድንጋዩ መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ዊልሰን እነዚህን ዕድሜዎች በካናዳ ካርታ ላይ ሲያሰፍሩ አንድ ሥርዓት ታያቸው፤ መሃል ላይ እጅግ ያረጀ እምብርት አለ፣ ከእሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ዐለቱ ወጣት እየሆነ ይሄዳል። ከዚህም ተነስተው አህጉር ማለት በያለበት እንደቆመ ከዳር ዳር እየተጨመረለት የሚሰፋ ነገር ነው አሉ። ተራራ የሚታጠፈው ምድር እየቀዘቀዘች ስለምትኮማተር ነው ብለውም ያምኑ ነበር። ከራስልና ከጄ. ኤ. ጃኮብስ ጋር በ1959 ያሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ነበር የሚያስተምረው። አህጉሮች ይንሸራተታሉ የሚለውን የአልፍሬድ ቬገነርን ሐሳብ በዚያን ጊዜ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ሰውየው እስከ ሃምሳ ዓመታቸው ድረስ የተሳሳተውን ወገን ደግፈው ከቆዩ፣ የካናዳ ዐለት አሳሳታቸው እንጂ ምን ጠቀማቸው? አገሩ የረጋ ስለሆነ አእምሯቸውም ረግቶ ቀረ የሚል ሰው ነጥብ አለው። በዚያ ዘመን ለአህጉር መንሸራተት የሚሟገቱት ጂኦሎጂስቶች በብዛት ከደቡብ አፍሪካና ከአውስትራሊያ፣ ማለትም ጎንድዋና የተባለው የተሰነጠቀ ጥንታዊ አህጉር ቁርጥራጭ እግራቸው ሥር ካለበት አገር መሆናቸውም ይህን ያጠናክራል። ነገር ግን እምነትና መሣሪያ አንድ አይደሉም። የዊልሰን እምነት አህጉሮች አይንቀሳቀሱም የሚል ነበር፤ መሣሪያቸው ግን ዕድሜን ከርቀት ጋር የሚያስተያይ ካርታ ነበር። እምነቱ ሲወድቅ መሣሪያው አልወደቀም። በ1960 እና በ1961 ሃሪ ሄስና ሮበርት ዲትዝ የውቅያኖስ ወለል በውቅያኖሱ መሃል ካለው የተራራ ሸንተረር እየተወለደ ወደ ሁለቱም ጎን ይሸሻል ሲሉ፣ አብዛኛው ጂኦሎጂስት ነገሩን እንደ ግምት ነው ያየው። ዊልሰን ግን ወዲያው የሚፈትኑበትን መንገድ ያውቁ ነበር፤ ወለሉ በእርግጥ የሚሸሽ ከሆነ በላዩ ያሉት ደሴቶች ከሸንተረሩ በራቁ ቁጥር ማርጀት አለባቸው። የካናዳውን ካርታ ገልብጦ ማንበብ ነው። በጋሻው ላይ እምብርቱ ያረጀ፣ ዳሩ ወጣት ነበር፤ በውቅያኖስ ግን መሃሉ ወጣት፣ ዳሩ ያረጀ ይሆናል።

ስለዚህ የደሴቶችን ዕድሜ ከየመጽሐፉ ይለቅሙ ጀመር። አሴንሽን ከአትላንቲክ ሸንተረር አጠገብ ናት፤ ወጣት ናት። ትሪስታን ዳ ኩኛም እንዲሁ ከሸንተረሩ ብዙ ሳትርቅ በ1961 ፈንድታ ነዋሪዎቿ በሙሉ ወደ እንግሊዝ ተወስደው ነበር። ሴንት ሄሌና ራቅ ትላለች፤ ታረጃለችም፤ እሳቷ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። በ1963 መጀመሪያ በኔቸር መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ይህን ዝንባሌ አሳየ። ሠንጠረዡ ፍጹም አልነበረም፤ የብዙዎቹ ደሴቶች ዕድሜ በዚያን ጊዜ በቅጡ አልተለካም፣ አንዳንዶቹም ከመስመሩ ያፈነግጡ ነበር። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ሃዋይ ነበረች። ሃዋይ ከየትኛውም የውቅያኖስ ሸንተረር በሺዎች ኪሎ ሜትር የራቀች፣ በፓስፊኩ ወለል መሃል የተቀመጠች ናት፤ በደንቡ መሠረት ድሮ የሞተች አሮጊት መሆን ሲገባት እሳተ ገሞራዎቿ ኪላዌያና ማውና ሎአ ላቫ ይተፋሉ። ሌላው ተመራማሪ ይህችን ለይቶ ያልፋት ነበር። የዊልሰን ሁለተኛውና ትልቁ ሐሳብ የመጣው ግን ከዚህች አስቸጋሪ ደሴት ነው።

ስለ ሃዋይ የዕድሜ ቅደም ተከተል ማንም ከዊልሰን በፊት አላወቀም ማለት ውሸት ይሆናል። የደሴቶቹ ተወላጆች የእሳት እመቤቷ ፔሌ ከሰሜን ምዕራቧ ደሴት ከካዋዪ ተነስታ፣ ማረፊያ እያጣች በየደሴቱ ጉድጓድ እየቆፈረች፣ በመጨረሻ ደቡብ ምሥራቅ ኪላዌያ ላይ እንደተቀመጠች ይተርካሉ። የመንገዷ አቅጣጫ ጂኦሎጂው ከሚለው ጋር ይገጥማል፤ ሸለቆ የሸረሸረውን አሮጌ ደሴትና ገና ያላረጀውን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሕዝብ ይህን ቢያውቅ አያስገርምም። አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ጄምስ ድዋይት ዴናም በ1840 እና በ1841 ደሴቶቹን ሲጎበኙ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄዱ የመሸርሸሩ ነገር እየከፋ መምጣቱን ጽፈዋል። ለመቶ ዓመት ያህል የተሰጠው ማብራሪያ ግን ስንጥቅ ነበር፤ የባሕሩ ወለል ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየተቀደደ፣ እሳቱም ቅዱን እየተከተለ ይሄዳል ይባል ነበር። በዚህ አሳብ ወለሉ ቆሟል፣ እሳቱ ይጓዛል። ዊልሰን ይህን ገለበጡት። እሳቱ ይቆማል፣ ወለሉ ይጓዛል። ራሳቸው የሰጡት ምሳሌ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ጥልቀት የሌለው ወንዝ ሥር በጀርባው ተኝቶ በቀጭን ቱቦ አረፋ ቢነፋ፣ አረፋዎቹ ውሃው ላይ ሲደርሱ ጅረቱ እየወሰደ በመስመር ያሰልፋቸዋል፤ የሚነፋው ሰው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የነገሩን አሠራር በዛሬ እውቀት እናስረዳው። ከእግራችን በታች ያለው ማንትል፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ የቀለጠ ባሕር አይደለም፤ ጠጣር ድንጋይ ነው፣ ግን ጋለ ያለና በሚሊዮን ዓመታት ሒሳብ ቀስ ብሎ የሚፈስ ድንጋይ። እንዳይቀልጥ የሚይዘው ከላዩ የተጫነው ክብደት ነው። ከሌላው ይልቅ የጋለ ክፍል ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስለታል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ሙቀት ሳያስፈልገው ከፊሉ ይቀልጣል። ያ ነው ማግማ የሚባለው። ማግማው ፕሌት የሚባለውን፣ ውቅያኖስ ሥር ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚወፍረውን ጠጣር ንጣፍ ሰንጥቆ ይወጣና ወለሉ ላይ ይከመራል። ክምሩ ከውሃ በላይ ብቅ ሲል ደሴት ይሆናል። ፕሌቱ ግን አይጠብቅም። ደሴቷን ተሸክሞ ከምንጩ ያርቃታል፤ መጋቢዋ ይቋረጣል፣ እሳቷ ይጠፋል፣ ዝናብና ማዕበል ይሸረሽሯታል። ከሥሯ ያለው ወለልም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ ደሴቷ አብራ ትሰምጣለች፣ በመጨረሻም ከውሃ በታች ያለ ተራራ ብቻ ሆና ትቀራለች። በምንጩ ላይ ሌላ ክምር ይጀመራል። ዛሬ ከትልቋ ሃዋይ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ገጽ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ካማኤሁአካናሎዋ የተባለ እሳተ ገሞራ እየተገነባ ነው። ቁጥሩም የሚያስደስት ነው፤ ካዋዪ ከኪላዌያ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ዕድሜዋ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አካፍሎ ማየት ለማንም አይከብድም፣ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በሌላ መንገድ የተለካው የፓስፊክ ፕሌት ፍጥነትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጃፓንና የካሪቢያን ቅስት ደሴቶች የሚወለዱት በሌላ መንገድ ነው፤ እዚያ አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር ሲገባ ይዞት የሚወርደው ውሃ ማንትሉ በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ይህ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው።

ይህን የሃዋይ ሐሳብ የያዘው ጽሑፍ ሲላክ የገጠመውን ዕጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዘርፉ ታላቅ የአሜሪካ መጽሔት አልተቀበለውም። አዲስ መረጃ የለውም፣ ሒሳብ የለውም፣ ከተለመደውም አስተሳሰብ ጋር አይስማማም ነበር የተባለው። በመጨረሻ የወጣው የጂኦሎጂ ሰው ብዙም በማያነበው በካናዳ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ነው፤ ሃዋይን የሚያጠና ሰው ከኤሌክትሮንና ከኒውትሮን ጽሑፎች መሃል ገብቶ ይፈልገዋል ብሎ ማን ይገምታል? በዚያው በ1963፣ ቀድሞ በቶሮንቶ የዊልሰን ተማሪ የነበሩት ሎረንስ ሞርሊ የባሕር ወለል የማግኔት ዥንጉርጉርነት የወለሉን መስፋፋት እንደሚያሳይ ጽፈው ሁለት መጽሔቶች መልሰውባቸዋል፤ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ ያንኑ ሐሳብ በዚያው ዓመት አሳትመው ስም ያገኙት እነሱ ሆኑ። የዊልሰን ጽሑፍ ውድቅ የተደረገበት የመጀመሪያ ምክንያት ግን እውነት ነበር። አዲስ መረጃ አልነበረውም። ታዲያ የሌሎችን ቁጥር ሰብስቦ ማሰለፍ ምን ይደነቃል የሚል ካለ፣ መልሱ ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ ነው። በ1964 ኢያን ማክዱጋል የሃዋይን ላቫ በፖታሲየምና አርጎን ዘዴ ለክተው ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ዕድሜው ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ታየ። የዊልሰን ሐሳብ በመለኪያ ሊወድቅ የሚችል ነበር፤ አልወደቀም። የስንጥቁም ማብራሪያ ቅደም ተከተሉን ይተነብያል የሚል ሊኖር ይችላል፣ ልክም ነው፤ ስንጥቁ ግን ፍጥነቱ ከጠቅላላው ወለል ፍጥነት ጋር ለምን እንደሚገጥም፣ በፓስፊክ ያሉ ሌሎች ሰንሰለቶችም ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያረጁ አያስረዳም።

ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ ዊልሰን ራሳቸው ካስቀመጡት መሠረት የሚነሳው ነው። ምንጩ ቋሚ ነው ብለዋል። የሃዋይ ሰንሰለት ግን በውሃ ሥር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይቀጥልና፣ ወደ 47 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከእጥፋቱ ወዲያ ያሉት የኤምፐረር ተራሮች እስከ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳሉ። እጥፋቱ ለረጅም ጊዜ ፕሌቱ አቅጣጫ የለወጠበት ምልክት ተደርጎ ሲተረጎም ኖረ። በ2001 በመርከብ የተቆፈረው ላቫ የያዘው መግነጢስ ግን ሌላ ተናገረ፤ እነዚያ አሮጌ ተራሮች የተወለዱት ከዛሬዋ ሃዋይ ይበልጥ ወደ ሰሜን ባለ ኬክሮስ ላይ ነበር፤ ምንጩ ራሱ ወደ ደቡብ ተጉዟል ማለት ነው። ጥልቀቱንም ቢሆን ዊልሰን የገመቱት ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ በማንትሉ ዑደት መካከል ባለ የረጋ ቦታ ነበር፤ ከጥልቁ ማንትል የሚነሳ ዓምድ ነው የሚለው ሐሳብ በ1971 የጄሰን ሞርጋን ነው። ዓምድ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ፕሌቱ ራሱ ሲወጠርና ሲሰነጠቅ ነው ማግማው የሚወጣው የሚሉ ምሁራንም እስከ ዛሬ አሉ። ታዲያ ምን ቀረ? እኔ እንደማየው የቀረው ዋናው ነው። የምንጩ ቋሚነት ቢላላ፣ ጥልቀቱም ቢያከራክር፣ ደሴቶች የፕሌቱን ጉዞ የሚመዘግቡ ናቸው የሚለው አልተነካም። እጥፋቱን ራሱን ለመጠየቅ ያስቻለን የዕድሜና የርቀት ካርታው ነው፤ ተቃዋሚዎቹም የሚሟገቱት በዚያው ካርታ ላይ ቆመው ነው።

ዊልሰን ከዚህ በኋላ ፈጥነው ሄዱ። በ1965 ኔቸር ላይ ትራንስፎርም ያሉትን የስንጥቅ ዓይነት አወጡ፤ ሲያስረዱም ወረቀት ቆርጠውና አጥፈው ሁለቱን ጎኖች ይስቡ ነበር። ተመልካቹ ሸንተረሩን ያቋረጠው ስንጥቅ ላይ ዐለቱ ከሚጠብቀው አቅጣጫ በተቃራኒ ሲንሸራተት በዓይኑ ያያል፤ በ1967 ሊን ሳይክስ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦችን መርምረው ልክ መሆኑን አሳዩ። በ1966 ደግሞ አትላንቲክ ከዚህ በፊት ተዘግቶ እንደገና የተከፈተ ይሆን ብለው ጠየቁ። መልሱ አዎ ሆነ፤ ከአትላንቲክ በፊት የነበረው ውቅያኖስ ሲዘጋ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ቅስት ከሰሜን አሜሪካ ጋር ተላተመ፣ ተራራ ተነሳ፣ ከተራራው የታጠበው ጭቃ ወደ ምዕራብ ፈሶ ረጋ። የዶን ሸለቆው የጡብ ድንጋይ ያ ጭቃ ነው። እሳተ ገሞራ የሌላት ከተማ የተሠራችበት ጡብ የደሴቶች ግጭት ትርፍ ሆኖ ተገኘ። ዊልሰን በ1974 የኦንታሪዮ ሳይንስ ሴንተርን መምራት ጀምረው እስከ 1985 ቆዩ። በግቢው ውስጥ የቆመላቸው መታሰቢያ ትልቅ ችካል ነው፤ ከተወለዱ ወዲህ አህጉሩ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ያሳያል፤ ችካሉ «የማይነቃነቅ» ነው ይባልለታል። ቀልዱ ገብቶኛል፤ ግን የማይነቃነቅ የተባለው ችካል የተተከለው በሚንሸራተተው አህጉር ላይ መሆኑን ዊልሰን ራሳቸው ቢያዩት ዝም ብለው የሚያልፉት አይመስለኝም። የሳይንስ ሴንተሩን ሕንፃ የኦንታሪዮ መንግሥት በጣሪያው ሥጋት ምክንያት ሰኔ 2024 ላይ ዘግቶታል።

አሁን ዘዴውን ወደ እኛ አገር እናምጣው፤ ምክንያቱም ዊልሰን ራሳቸው አምጥተውታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት የኩቤኩ ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው፤ ጊዜውም በ1957 እና በ1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። ዊልሰን በዚያው ወቅት የዓለም አቀፉ የጂኦዴሲና የጂኦፊዚክስ ኅብረት ፕሬዝዳንት ነበሩ። አባ ጉዋን ያጠናቀሩት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክም በ1979 ኦታዋ ላይ ታትሟል። ዋናው ነጥብ ግን በ1972 የመጣ ነው። ዊልሰንና በዚያን ጊዜ ቶሮንቶ የነበሩት ኬቨን በርክ የአፍሪካ ፕሌት ቆሟል ወይ ሲሉ በኔቸር ጠየቁ። ማስረጃቸው የሃዋይ ተቃራኒ ነው። የአፍሪካ እሳተ ገሞራዎች በዕድሜ እየተራረቁ የሚሰለፉበት መስመር የላቸውም፤ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይነዳሉ። ስለዚህ ፕሌቱ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በምንጮቹ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። የኢትዮጵያ ደጋ በዚህ ዓይን ሲታይ ይገባል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአጭር ጊዜ ውስጥ የፈሰሰው ባዛልት በአንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ ስሜን በላዩ ተከመረ፤ ላሊበላም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈለፈለ። ፓስፊክ ቢሆን ይህ ሁሉ ማግማ በሺህ ኪሎ ሜትር ሰንሰለት ተበትኖ ብዙው ውሃ ሥር ይቀር ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ላይ ተከምሮ ደጋ ሆነ።

ይህን ሐሳብም ሳይፈትኑ መቀበል አይገባም። ሳተላይት እንደሚለካው አፍሪካ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሄዳለች፤ ከፓስፊኩ ጋር ሲተያይ ቀርፋፋ ናት እንጂ ቆማለች አይባልም። ደቡብ ኢትዮጵያም ከሰሜኑ ቀድሞ፣ ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መንደድ ጀምሯል፤ አንዳንዶች ይህን የፕሌቱ ጉዞ፣ አንዳንዶች የሁለት ምንጭ ምልክት ያደርጉታል። በዚያ ላይ አፋር የሦስት ፕሌቶች መለያያ ናት፤ የማግማው መውጫ ከሥር የሚገፋው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ከላይ የሚከፈተውም በር ነው። መስከረም 2005 እዚያው አፋር ውስጥ በዳባሁ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ምድር ስትሰነጠቅ፣ በቀናት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች፤ ክፍተቱን የሞላው 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ማግማ ነው። ፕሌቶቹ ለብዙ ዘመን ሲወጠሩ የቆዩበትን ሒሳብ ማግማው በአንድ ጊዜ ከፈለ። የሃዋይ ፕሌት ማግማውን እየተሸከመ ይሄዳል፤ የአፋሩ ፕሌት ማግማው ገብቶ ይሰነጥቀዋል። የዊልሰን የ1963 ሥዕል ይህን የሁለተኛውን ዓይነት ግንኙነት አልያዘም ነበር፤ የ1972ቱም ጥያቄ የነካው በከፊል ብቻ ነው።

በርክ በዚያ ጥያቄ ላይ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ቆዩ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች በማንትሉ ግርጌ፣ ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ አንዱ ከአፍሪካ ሌላው ከፓስፊክ ሥር ሁለት ግዙፍ ክምሮች እንዳሉ ሲያሳዩ፣ በርክ የፓስፊኩን በሞርጋን ስም ጄሰን፣ የአፍሪካውን በዊልሰን ስም ቱዞ አሉት። በ2010 ከትሮንድ ቶርስቪክና ከሌሎች ጋር ያቀረቡት ማስረጃም ያው የቶሮንቶ ዘዴ ነው። አልማዝ ተሸክሞ የሚወጣውን ኪምበርላይት የተባለ ዐለት ከዕድሜው ጋር ይዘው፣ አህጉሮቹን በዚያ ዘመን ወደነበሩበት ቦታ መልሰው፣ ከክምሮቹ ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ። ላለፉት 320 ሚሊዮን ዓመታት አብዛኛው ኪምበርላይት የፈነዳው በክምሮቹ ጠርዝ አናት ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ክምሮቹ ያን ያህል ዘመን ብዙ አልተነቃነቁም አሉ። ከመስመሩ ጎልተው የወጡት የካናዳዎቹ ናቸው። ሰሜን ምዕራብ ካናዳ ውስጥ በላክ ደ ግራ ሐይቅ አካባቢ ያሉት፣ በ1998 የኤካቲ ማዕድን አልማዝ ማውጣት የጀመረባቸው ኪምበርላይቶች ከቱዞም ከጄሰንም ጠርዝ የራቁ ናቸው፤ በዚያ ቦታ ለምን እንደፈነዱም ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል።